ከእራት ወደ ኋላ

በዚያ የአስጎብኚ መሥሪያ ቤት የበረሃ ጉዞ ፕሮግራም የሚጻፈው ከእራት ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ እንግዶቹ ሎጁ ውስጥ ሾርባቸው ፊት የሚቀመጡበት ሰዓት ይጻፋል። ከእሱ በላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ የሚያነሱበት፣ ከእሱ በላይ ክፍላቸው ገብተው አቧራቸውን የሚታጠቡበት ይገባል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ወደ ጠዋቱ ሲወጣ፣ የተረፈችው ሰዓት ለመንገዱ ትሰጣለች። መንገዱ በቃኝ አልበቃኝም የሚልበት አፍ የለውም። አፍ ያለው ሾፌሩ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

ይህን ልማድ ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሾፌሮቹ ከኋላው "ይቻላል" ይሉታል፤ ከባሕር ማዶ የሚደውልለትን ሁሉ "ይቻላል" ብሎ ስለሚሸኝ። በአንድ ቀን ሁለት ፓርክ? ይቻላል። የሰባ ዓመት ሰው በቀትር አሸዋ ክምር ላይ? ይቻላል። ይህን ሲል ታዲያ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ማራገቢያውን ወደ ራሱ ብቻ አዙሮ ነው። በረሃውን ያየው አንዴ በአውሮፕላን ሲያልፍበት ነው ይባላል። ሾፌር ማጋነን ይወዳል፤ ይሄን ግን ያጋነኑት አይመስልም።

ፕሮግራሙን የምትጽፈው ሴት ደግሞ "ደቂቃ" ትባላለች። ስሙን ያወጡላት እነዚያው ሾፌሮች ናቸው፤ መንገድ ዳር ወርዶ ሽንት የሚሸናበትን እንኳ በደቂቃ ስለምትጽፍ። አንዱ "ማዛጋቱንም አስገቢልን እንጂ" ብሏት ያውቃል። አትቀየምም። የሾፌር ልጅ ናት፣ የሾፌርም እህት ናት፤ የሾፌር ቀልድ አብሯት ያደገ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ለቀልድ የሚሆን ፊት አልነበራትም። ዓርብ ስምንት እንግዶች ይገባሉ። ሁለት መኪና፣ አምስት ቀን፣ ሦስት ፓርክ፤ የጨው ሜዳው፣ የድንጋይ ሸለቆውና የአሸዋ ክምሩ። ሦስት ሳምንት የለፋችበት ፕሮግራም ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ መሐሉ ላይ በቀይ ብዕር ተሰርዟል። የተሰረዘው የሦስተኛው ቀን አዳር ነው፤ በሸለቆውና በአሸዋ ክምሩ መካከል፣ የጥበቃዎቹ ጉድጓድ አጠገብ ያለው የድንኳን ሰፈር። ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባች።

"ጋሼ፣ ይህን የሰረዙት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። የአውሮፕላናቸው ቀን ተቀይሯል። አምስቱ ቀን አራት ሆኗል።"

"እሺ፣ አንዱን ፓርክ እንተወዋ።"

"ሦስት ብለን ቃል ገብተናል። ሦስት ያያሉ።"

"ሦስተኛው ቀን እኮ አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሆነ!"

"አራት መቶ ሠላሳን ለሃምሳ አካፍይው። ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሂሳብ አላስተማሩሽም?"

"መቶ ዘጠናው ነው አስፋልት። መቶ አሥሩ አሸዋ ነው። መቶ ሠላሳው ኮረኮንች ነው። አሸዋ ላይ ሃምሳ የሚነዳ ማን ነው?"

"ይቻላል" አለ ስልኩን እያየ።

ደሟ ፈላ። ይህ ቃል ድሮም አይጥማትም፤ ያን ዕለት ግን ፊቷ ላይ እንደተተፋ ቆጠረችው። የፊተኛዋን መኪና የሚነዳው ታናሽ ወንድሟ ነዋ። ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ቁመቱ በር ላይ ያጎነብሰዋል፤ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት ማሙሽን መላክ ማለት ምን እንደሆነ ከእሷ ቤተሰብ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በረሃ የማያውቅ ሰው ይህን ይወቅ። አሸዋ ከመግባት በፊት ጎማ ይተነፍሳል፤ ሰፋ ብሎ እንዲረግጥ፣ እንዳይሰምጥ። ከአሸዋ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ ይነፋል። የተነፈሰ ጎማ ኮረኮንች ላይ በፍጥነት ከተነዳ ይግላል፣ ይፈነዳል፣ መኪናውን ይገለብጣል። ይህን ለግማሹ የከተማው ሾፌር ያስተማረው የእሷ አባት ነበር። "ጎማውን ሳይነፋ ኮረኮንች የገባ፣ መቃብሩን አስቆፍሮ የወጣ ነው" ይል ነበር፤ ተማሪዎቹም እየሳቁ ይደግሙት ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ታዲያ ይኸው ሰው ራሱ፣ ጎማውን ሳይነፋ ኮረኮንች ገባ። የኋላ ግራ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ሁለቴ ተገለበጠ። የአንዲት እንግዳ ትከሻ ተሰበረ፤ የእሱ ቀኝ ጉልበት እንዳይታጠፍ ሆኖ ቀረ። አጣሪዎቹ "የአሽከርካሪ ቸልተኝነት" ብለው ጻፉ፤ መንጃ ፈቃዱ ተወሰደ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ደጁ ላይ ጎሚስታ ሆነ። ተማሪዎቹ አሁን ያንን አባባሉን ሲደግሙት በሌላ ሳቅ ነው።

ደቂቃም አፍራበታለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም እንጂ አፍራበታለች። ሌላው ቢሳሳት ባልከፋ፤ እሱ ያስተማረውን እሱ ራሱ እንዴት? አራት ዓመት ሙሉ ቤት ስትሄድ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህን ፕሮግራም እኔ አልፈርምበትም" አለች።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አስቀመጠ። ተነሥቶ የብረት ቁም ሣጥኑን ከፈተና፣ የመንገዱን ቁጥር እየፈለገ ፋይሎቹን ገለበጠ። "አንቺ ያለ አንቺ በረሃ የሄደ ሰው የለም መሰለሽ? በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ሰዓት፣ አዳር ሳይኖረው ሠርተነዋል። እንኪ፣ እዪና ቀድተሽ አምጪልኝ።"

በኮምፒውተር የተጻፈውን ወረቀት ተቀብላ አየችው። እውነቱን ነው፤ በአንድ ቀን ነው። እራት አንድ ሰዓት ተኩል፣ የፀሐይ መጥለቅ አሥራ ሁለት ከሩብ፣ ክፍል መግባት አሥራ አንድ፣ ምሳ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ መነሻ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ለመንገዱ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጎማ ማስተንፈሻ የሚል የለም፤ ጎማ መንፊያም የለም። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ይህን የጻፈው፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ መሆን አለበት ብላ ወደ ታች ወረደች።

ከታች፣ "ያዘጋጀው" ከሚለው አጠገብ፣ የራሷ ስም አለ። በራሷ እጅ፣ ያኔ ትጽፈው በነበረው ክብ ክብ ፊደል። "የሚነዳው" ከሚለው አጠገብ ያባቷ ፊርማ አለ። ቀኑ አባቷ የተገለበጠበት ቀን ነው።

የበሩን እጀታ ያዘች። ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ነበር። ሥራ አስኪያጁ "እስቲ ለልምምድ አንድ ጻፊ፣ እጅሽን ልየው" ብሏት፣ እሷም የካርታውን ኪሎ ሜትር ለሃምሳ አካፍላ፣ ከእራት ወደ ኋላ ቆጥራ፣ አሳምራ ሰጥታዋለች። ትክክለኛውን የጻፈው ከእሷ በፊት የነበረው ሰውዬ እንደሆነ ነበር የነገራት። እሷም አምና፣ አባቷ በማን ወረቀት እንደወጣ ጠይቃ አታውቅም።

"ለልምምድ ነው ብለውኝ ነበር" አለች።

"ምኑ?"

"ይሄ! ለልምምድ ብለው አጽፈውኝ ለአባቴ ሰጡት!"

ያኔ ነው ቀኑን ያየው። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ትንሽ ብቻ። ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፣ እሷ ወደ ደረቷ ሳበችው። "የኔ እህት፣ ሰውዬው ሥራ ለቆ ሄዶ ነበር፣ እንግዳ ደርሶብን ነበር፣ ያለውን ተጠቀምን" አለ። ቀጠለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ደግሞ የቆየ ነገር መቆስቆስ ለማንም አይበጅም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው" አለ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

መልስ ብትሰጠው እጇ እንደሚቀድማት አወቀች። ወረቀቱን እንደያዘች ወጣች።

አባቷ ደጁ ላይ፣ የቆርቆሮ ጥላው ሥር፣ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ በሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። የማይታጠፈውን እግሩን አሮጌ ጎማ ላይ ሰቅሎታል። በሥራ ሰዓት ስላያት ደነገጠ።

"ምነው ልጄ፣ ደኅና?"

"ይህን ታውቀዋለህ?" ብላ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስጠጋችው።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። መነጽሩን አልፈለገም፤ ማንበብም አላስፈለገውም። "ከየት አገኘሽው?" አለ።

"ጥያቄ በጥያቄ አትመልስልኝ አባዬ! ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?"

"አውቀዋለሁ።"

ከመነዳሪው ውሃው ውስጥ አረፋ እያወጣ ነው። አባቷ እሱን እያየ ተናገረ። "ጠዋት ሰጡኝ። ከታች ስምሽን አየሁ። የመጀመሪያ ሥራሽ ነበር። ደረት ኪሴ ከትቼው ቀኑን ሙሉ በእጄ ስዳብሰው ዋልኩ። ከአሸዋው ስወጣ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንቺ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍላቸው ይገባሉ ብለሻል። ገና መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አለ። ቆሜ ጎማ ልንፋ ብል ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። እንግዶቹ 'ፕሮግራሙ የማይረባ ነው' ብለው ይጽፉና ልጄን ያባርሩብኛል አልኩ። ፈጠን ብል እደርስበታለሁ አልኩ።"

"አጣሪዎቹስ? ፕሮግራም የለም ወይ አላሉህም?"

"ብለውኛል። ጠፋብኝ አልኳቸው። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቀው መሪ የያዘ ነው።"

እንባዋ መጣ፤ ግን የሐዘን አልነበረም፣ የንዴት ነበር። "እኔ እኮ አፍሬብህ ነበር! አራት ዓመት! ገብቼ ስወጣ ዓይንህን አላይም ነበር። ይህን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅህ ዝም?"

"ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው ልጄ።"

"ነቅዟል!" ብላ ጮኸች፤ መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ዞር አሉ። "ነቅዟል አባዬ! ይኸው ተመልከት! አንተ ዝም ስላልክ ይሄ ወረቀት ጥሩ ወረቀት ተብሎ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ያኔ ብትናገር ኖሮ ይቀደድ ነበር። እኔም ሁለተኛ ከእራት ወደ ኋላ አልጽፍም ነበር። ዛሬ 'ቀድተሽ አምጪ' የተባልኩት ይህንኑ ነው። ዓርብ የሚወጣው ደግሞ ማሙሽ ነው!"

አባቷ ከመነዳሪውን ለቀቀው። ውሃው እጅጌው ላይ ተረጨ። "ማሙሽ?" አለ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ እንዲህ ሲደነግጥ አላየችውም፤ አሁን ስታየውም አልራራችለትም፣ ደግ አደረገች።

"ብዕር አለሽ?" አለ እጁን እየጠረገ።

ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን እንደ ጠረጴዛ ጭኗ ላይ አድርጋ ከጠዋቱ ጀምራ ጻፈች። መነሻ አንድ ሰዓት። አስፋልቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ። "እንግዶቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው?" አለ አባቷ። ነገረችው። "እንግዲያው በየሰዓት ተኩሉ ያወርዷቸዋል፤ ጻፊው።" ጎማ ማስተንፈስና መንፋት፣ አርባ ደቂቃ ብላ ጻፈች። እሱ ብዕሩን ከእጇ ወሰደና አርባውን ሰርዞ በላዩ ሃምሳ ብሎ ጻፈ፤ በዘይት በጠቆረ ጣቱ፣ በዚያ እንደ ምስማር ቀጥ ቀጥ ባለ ፊደሉ። "መንፊያው አርጅቷል፤ ሁለት መኪና ነው፤ ፀሐይም አለ" አለ። "ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ" አለችው። አሸዋው አራት ሰዓት ተኩል፣ ኮረኮንቹ ሦስት። ምሳውና ማረፊያው ታክሎ ሲደመር አሥራ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ጨለማ ውስጥ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ሦስተኛውን ፓርክ ሰረዘች። በሦስተኛው ቀን አሸዋው አጋማሽ ላይ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ያድራሉ። በአራተኛው በመጡበት ይመለሳሉ።

ስትነሣ አባቷ "ልጄ" አላት። "አሁን አይሆንም አባዬ፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ" አለችና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አስቀመጠች። አንደኛው እሱ ያዘዘው ነው፤ ሦስት ፓርክ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ሁለተኛው አባቷ ደጅ የተጻፈው ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ እሱ ለምሳ ወጥቶ ሳለ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍታ የአምስት ዓመት ፋይል አገላብጣ ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ፕሮግራም ከታች ሦስት መስመር አለው፤ ያዘጋጀው፣ ያጸደቀው፣ የሚነዳው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁሌም ስም አለባቸው። የመሐለኛው በአምስት ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ተሞልቶ አያውቅም። እሷም ያን ባዶ መስመር በየቀኑ እያየች አላየችውም ነበር፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

"ይፈርሙ" አለች፣ ብዕር አቀብላ።

"የቱ ላይ?"

"በመረጡት ላይ። ይቻላል ያሉት ይሄኛው ነው። ይቻላል ካሉ ያጽድቁት። ስምዎን እዚህ ጋ ይጻፉ።"

"እኔ መፈረም አያስፈልገኝም፣ ይሄ የውስጥ ወረቀት ነው።"

"አባቴ ፈርሟል። የውስጥ ወረቀት ነበር።"

"እያስፈራራሽኝ ነው?"

"አይደለም ጋሼ። ስምዎን ይጻፉ ነው ያልኩት። እኔ በሳምንቴ ጽፌያለሁ፤ እርስዎ በሃያ ዓመት ሥራዎ ምን ይከብድዎታል?"

ብዕሩን ያዘ። የብዕሩ ጫፍ ባዶው መስመር ላይ ደረሰ፤ ነጥብ የምታህል ቀለም ነካች። ማራገቢያው ወረቀቱን አንሥቶ መለሰው። ሥራ አስኪያጁ መስመሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ብዕሩን ከደነውና ወረቀቱን በጣቱ ገፋው። መንገዱ በዚያ ሰዓት እንደማያልቅ በደንብ ያውቅ ነበር ማለት ነው። አለማወቁን ብታይ ይሻላት ነበር፤ ላላወቀ ሰው ንዴት ይበርዳል።

"የፈለግሽውን ላኪ" አለ ወደ መስኮቱ ዞሮ። "ሰዎቹ ቅር ካላቸው ግን ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።"

"የኔ ነው። ስሜ ታች አለ፤ ድሮም ነበረ" አለች።

እሱ ያዘዘውን ወረቀት እፊቱ ለሁለት ቀድዳ ሌላውን ለእንግዶቹ ላከችው። ሰዎቹ ቅር አላላቸውም። መልሳቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ጉልበታቸውን በቅርቡ ታክመዋል፣ መጀመሪያውኑ ቀስ ያለ ጉዞ ይሆንላቸው እንደሆነ ጠይቀው የተመለሰላቸው "ሦስቱም ይቻላል" የሚል ነበር። ይህን ስታነብ እንደገና ነደዳት። የጠየቁትን የነገራት አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማሙሽ ፕሮግራሙን ሊወስድ መጣ፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ በሩ ላይ አጎንብሶ። "እታለም ደቂቃ፣ ማዛጋት አስገባሽልን?" አለና ወረቀቱን አነሣ። እያነበበ ሳለ ፈገግታው ቆመ። ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

"ይሄ የአባዬ እጅ አይደለም እንዴ? 'ሃምሳ' የሚለው?"

"የሱ ነው።"

"አባዬ ስለ ጎማ ጻፈ?" ሳቅ ሊል ዳዳውና ያባቱን ነገር አስታውሶ አፈረ። ያ ማፈር እሷ አራት ዓመት የተሸከመችው ማፈር ነው፤ ፊቱ ላይ ስታየው ወዲያው አወቀችው። ማሙሽ ብዕር አንሥቶ "የሚነዳው" ከሚለው አጠገብ ሊፈርም ጎንበስ አለ። "በይ፣ ነገሩ ረጅም ይመስላል። ደርሼ ስመለስ ታጫውቺኛለሽ።"

ወረቀቱን ከእጁ ሥር ሳበችው።

"ስትመለስ አይደለም" አለች። አሮጌውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው፤ ስሟ ያለበትን በኩል ወደ እሱ አዙራ። "ሳትፈርም በፊት ነው። ቁጭ በል።"